የጋፋት መድፍና የጋይንት ሞተረኛ

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ይህ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከንጉሡ ቁጣ፣ ከአውሮፓውያኑ እስረኞችና ከመጨረሻዋ ሽጉጥ ጋር ተያይዞ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መንኰራኩሩ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋሪ ተጭኖ፣ የጋሪ መንገድ በማይታወቅበት አገር፣ ከጉና ግርጌ ተነሥቶ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻገረ።

መድፉ የተሠራበት ጋፋት ከደብረ ታቦር ብዙ የማይርቅ ኮረብታ ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡት ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው ብረታ ብረት አቅላጭ ሆነው ቀሩ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም አብሯቸው ነበር። የሙያው ባለቤቶች አልነበሩም፤ እየተሳሳቱ፣ ምድጃ እያፈረሱ እንደገና እየሠሩ ተማሩ። ከእነርሱ ጋር ስማቸው ያልተጻፈ የአገሬው ቀጥቃጮች ነበሩ፤ ታሪካችን የእነዚህን ሰዎች ዕዳ ገና አልከፈለም።

መድፉን ማቅለጥ አንድ ነገር ነው፤ ማንቀሳቀስ ሌላ። ንጉሡ መንገድ ማስጠረግ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከጎሕ እስከ ምሽት ይሠሩ እንደነበር ያዩአቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። መድፉን በጠፍር የጎተተው ሕዝብ 500 ያህል እንደነበር ይነገራል። ለአንድ ሰው 14 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን 500 ሰው በአንድ ቅጽበት አይስብም፤ አንዱ ቀድሞ ይነጫል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ጠፍሩ አንዴ ይረግባል አንዴ ይወጠራል። የቆመ ነገር ሳይነጭ እንዲነሣ ጉልበቱ ቀስ እያለ መያያዝ አለበት።

ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። ሽቅብ መጎተት ጉልበት ይጠይቃል፤ ቁልቁል ማውረድ ልክ ይጠይቃል። የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው ከ1000 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ። እዚያ ላይ ያው ጎታች ሕዝብ ከፊት መጎተቱን ትቶ ከኋላ መያዝ ነበረበት። በመጋቢት 1860 መድፉ መቅደላ አምባ ሥር ደረሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። የሚገርመው ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከዋድላ ወደ ጅዳ የወረደው ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባስጠረጉት መንገድ ነው።

ንጉሡ በሞቱ በ17ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ጎትሊብ ዳይምለር በጀርመን ቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ሠራ። ይሁንና የጠፍር ሳቢዎቹ ችግር ገና አልተፈታም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ፍሪሲዮን አልነበራቸውም፤ ነጂው እየሮጠ ገፍቶ ያስነሣና ዘሎ ይቀመጣል፣ መቆም ሲፈልግ ሞተሩን ያጠፋል። በወረታ ከተማ ገበያ መሐል ይህን ማሰብ ነው! ፍሪሲዮን የመጣው ለዚህ ነው፦ እየተሽከረከረ ያለውን ሞተርና የቆመውን ጎማ፣ በሸራና በብረት ዝርግ መካከል ባለ ሰበቃ፣ ቀስ አድርጎ ለማጋባት።

በዚህ አገር የሞተር ድምፅ በብዛት የተሰማው በጦርነት ነው። የጣሊያኑ የአኪሌ ስታራቼ ባለ ሞተር ጦር ከአስመራ ተነሥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ጣሊያን ደብረ ታቦርንም ይዞ እስከ 1933 ቆየ። ከወረታ ደብረ ታቦርን፣ የጋይንቷን ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና የተሠራው ግን በደርግ ዘመን ነው። አቅጣጫው በብዙ ቦታ የመድፉን ጉዞ ያስታውሳል፤ ዳገቱም ያው ነው።

ዛሬ በዚያ መንገድ የግብርና ባለሙያው፣ ነጋዴው፣ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል የጫነው ወጣት በሞተር ሳይክል ይመላለሳሉ። ከወረታ ሜዳ እስከ ደብረ ታቦር በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር ይወጣል። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ነጂው የጎደለውን በፍሪሲዮን ሊሞላ ይሞክራል፤ ማንሻውን ግማሽ ይዞ፣ ጋዙን አጩሆ፣ ዳገቱን ይገፋል። ሸራውን የሚያቃጥለው ይህ ነው። ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ከአዲስ ሸራ ዋጋ ይረክሳል።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ብዙ ሰውም ያደባልቃቸዋል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፦ ሸራው አልቋል፣ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ገመዱ ከልክ በላይ ተወጥሯል። ማንሻው ተይዞ ሳለ አንደኛ ማርሽ «ጓ» ብሎ ከገባ ወይም ሞተሩ ሊነጉድ ከፈለገ ደግሞ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ገመዱ ረግቧል፣ ወይም የብረት ዝርጉ በሙቀት ተጣሟል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ማንሻው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለ ሥራ መንቀሳቀስ አለበት። ይህችን ክፍተት ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ናት፤ ጋራዥ ድረስ አታስኬድም። የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ የገባበት ገመድ ውስጡን ዘይት ካላገኘ ማንሻውን ያከብደዋል።

ዘይቱስ? በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ እንዲቆጥብ ለመኪና የተቀመመ ቀጭን ዘይት ሰበቃን ስለሚቀንስ ሸራውን ሊያንሸራትተው ይችላል። ዘይቱ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ለስላሳ ማርሽ ከእጅ ይልቅ የእግር ነገር ነው። ጣቶች ማንሻውን ከመሳባቸው ትንሽ ቀደም ብሎ እግር ፔዳሉን ቀለል አድርጎ ይንካ፤ ጋዙ ይቀንስ፤ ማንሻው እስኪለቅ ብቻ ይሳብ፤ ማርሹ ሲገባ ይለቀቅ። ከጨጨሆ ቁልቁል ሲወረድ ግን ማንሻውን ይዞ መንሳፈፍ አደጋ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ከኋላ ይይዛል፣ ፍሬኑም አይግልም።

ሸራ ሲቀየር አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ዘይት ውስጥ ቢነከር ይሻላል። መካኒኩ ክዳኑን ሲከፍት የብረት ዝርጉን ቀለም ማየት ይገባል፤ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ተቃጥሏል። የፍሪሲዮኑን ቤት ጥርሶችም በጣት መዳሰስ ነው። ሸራው ቦርቡሮ ያወጣው ጎድጓዳ ካለ፣ አዲስ ሸራ ቢገባም ማርሹ መንጨቱን አይተውም።