መጨረሻውን ይንገሩኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ የተሠራ ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ብሎኬቱን ያንኳኳል፣ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል፣ «ውኃ በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?» ይላል። ሻጩ የሲሚንቶውን፣ የብረቱን፣ የግንበኛውን ሒሳብ ይደረድርለታል። ደላላው መሀል ቆሞ አንዱን «ጨምር»፣ ሌላውን «ቀንስ» ይላል። «ኧረ ጋሼ፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ!» የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ስለ መሬቱ ዋጋ ማንም ትንፍሽ አይልም። ያው ቤት፣ በዚያው ብሎኬት፣ አስፋልት ዳር ሲሆንና ጭቃ ውስጥ ሲሆን ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቅ ግን ሁሉም ያውቃል።

ይህ ዝምታ የት ተወለደ? ብዙ ሰው «ድሮም በጎጃም መሬት አይሸጥም» ብሎ ይመልሳል። ግማሹ እውነት ነው። በደጋው ጎጃም ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን በዘር ሐረግ የሚጠየቅ ድርሻ ስለነበር አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚሸጠው ነገር አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀው አንድም «ርስታችን ተለክቶ ሊወሰድ ነው» ብሎ ሰግቶ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ብራና ላይ ተጽፎ ይገኛል። በጎንደርና በጎጃም የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተመዘገቡ የመሬትና የቤት ሽያጮች አሉ። ሻጩ እገሌ፣ ገዢው እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ ወይም ይህን ያህል አሞሌ ጨው፣ ዋሱ እገሌ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ። እኔን የሚገርመኝ ዋጋው በአደባባይ፣ ያውም በቅዱስ መጽሐፍ ላይ መጻፉ ነው። የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም ማለት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ወግ በወረቀት አጸናው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ አለ። ቀብድንም አልረሳም። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ያፈረሰው ቀብድ ተቀባዩ ከሆነ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ዛሬም ደላላው «ቀብድ ጣልበት» ሲል የሚያስታውሰን ይህን ሕግ ነው፤ አንቀጹን ባያውቀውም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። ለተወረሰው ትርፍ ቤት ካሳ ተስፋ ሲሰጥ ለመሬቱ ምንም አልታሰበለትም። ለተከራዩ ግን ጥሩ ዘመን ነበር፤ ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ቀሪዋን አንዷን ቤት መሸጥ አልተከለከለም፣ መንግሥት የቅድሚያ ግዢ መብት ይኑረው እንጂ። የመሬት ዋጋ አፉን የተለጎመው እዚህ ላይ ነው። ቤት ይሸጣል፣ መሬት አይሸጥም ተባለ። ቤት ያለ መሬት አየር ላይ አይቆምምና የቦታው ዋጋ ብሎኬትና ቆርቆሮ ለብሶ መሸጡን ቀጠለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲል በላዩ የተገነባውን ግን መሸጥ መብት አደረገው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) ይባስ ብሎ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። በሊዝ የያዘውን ቦታ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ይወስዳል፤ የተረፈው የመንግሥት ነው። ስለዚህ ቦታውን ውድ የሚያደርገው ግድግዳው መነሳቱ ሆነ። ለሽያጭ ብለው በጥድፊያ የሚሠሩ ቤቶችን ስታዩ ይህችን አንቀጽ አስቧት።

በዚህ መሀል ደብረ ማርቆስም አደገች። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲ መምህሩንም ሠራተኛውንም ቤት ፈላጊ አድርጎ አመጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሕጉ መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ሲል ወሰነ። ችሎቱ በኋላ አቋሙን ቢያለዝበውም፣ ዋጋ ሲንር «ውላችን አልተመዘገበም» እያለ ቤቱን ለማስመለስ ለሚሮጥ ሻጭ መንገድ የተከፈተው ያኔ ነው።

እና ዛሬ ሁለት ዋጋ አለ፤ የተከፈለውና የተጻፈው። የስም ማዛወሪያው ቴምብር ብቻ ከዋጋው 2 በመቶ ስለሆነ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ማለት የተለመደ ነው። ሚስትም (በድርድሩ ጊዜ ቡና የምታፈላዋ) የጋራ ቤት ከሆነ ፊርማዋ የግድ ነውና በዚህች ሰዓት ትጠራለች። ገዢው ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ ውሉ ነገ ቢፈርስ ፍርድ ቤት «ይመለስ» የሚለው የተጻፈውን ነው። ከዚያ በላይ ለከፈለው የቆጠረው ደላላ ቢመሰክርለት እንኳ በጽሑፍ ውል ላይ የምስክር ቃል አይሰማም።