ከኮኮ ወደብ እስከ አሮጌው ኮምፒዩተር፦ የአደገኛ ቆሻሻ ንግድ ሕግ አመጣጥ

(ከመጨረሻው አንቀጽ በስተቀር ዘመናቱ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1988 በናይጄሪያ፣ ኮኮ በምትባል ትንሽ የወንዝ ወደብ፣ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ በርሜሎች ተከምረው ተገኙ። ከኢጣልያ በመርከብ የመጡ ነበሩ። በወረቀት ላይ ለሕንፃ ሥራ የሚውሉ ዕቃዎች ይባሉ እንጂ፣ የያዙት መርዘኛ የፋብሪካ ዝቃጭ ነበር። ለባለ ግቢው ይከፈለው የነበረው ኪራይ በወር 100 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሆነ ተዘግቧል። የናይጄሪያ መንግሥት በኢጣልያ የነበሩትን አምባሳደሩን ጠራ፤ ጭነቱም እንዲመለስ ሆነ። ይሁን እንጂ ከፊሉን የጫነችው ካሪን ቢ የተባለችው መርከብ ወደ ኤውሮጳ ስትመለስ፣ ብዙዎቹ አገሮች ወደቦቻቸውን ዘጉባት። ለኮኮ ገበሬ ግቢ ይስማማል የተባለው ጭነት ለእነርሱ አልተስማማም ማለት ነው።

ነገሩ ወደዚህ ሊደርስ የቻለው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በበለጸጉት አገሮች የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በመጥበቁና ቆሻሻ የማስወገዱ ወጪ በመናሩ ነው። ሕጉ ሲጠብቅ ቆሻሻው ጉዞ ጀመረ።

መጋቢት 22 ቀን 1989 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የጸደቀው ስምምነት መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ላኪው አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ተቀባዩ አገርና ጭነቱ የሚያልፍባቸው አገሮች በጽሑፍ ፈቃዳቸውን እስኪሰጡ ድረስ ጭነቱ አይንቀሳቀስም። የአፍሪካ አገሮች ግን ይህ አልበቃቸውም። ደሀ አገር በገንዘብ ተደልሎ ሊፈቅድ ይችላልና! በ1991 በባማኮ ባጸደቁት ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሩ እንዳይገባ ጭራሽ ከለከሉ።

ከዚህ በኋላ በርሜሉ ቀርቶ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን መጣ። የሕጉ ቀዳዳ «ያገለገለ ዕቃ» የሚለው ቃል ነበር። የማይሠራ ቴሌቪዥን «ያገለገለ» ተብሎ ሲጫን ቆሻሻ መሆኑ ይቀርና ሸቀጥ ይሆናል፤ የድሮው ባለ ጠርሙስ ስክሪን ግን በመስተዋቱ ውስጥ እርሳስ አለበት። በ2006 የባዝል አባል አገሮች ናይሮቢ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መግለጫ አወጡ። የኤውሮጳ ኅብረት ደግሞ በ2012 መመሪያው ሸክሙን በነጋዴው ላይ ጣለ፦ ጭነቱ ቆሻሻ ነው ብሎ ከተጠረጠረ፣ ዕቃው የሚሠራ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ማስረጃና የሽያጭ ደረሰኝ ማቅረብ፣ በጉዞም እንዳይሰበር በሚገባ ማሸግ አለበት። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ድንጋጌ ይኸኛው ነው፤ ቀድሞ የማስረዳቱ ዕዳ የጉምሩክ ሠራተኛው ነበርና።

በ2022 ጋናና ስዊስ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት የባዝል ስምምነት ተሻሻለ። ማሻሻያው ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጸንቷል። ስለዚህ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አደገኛ ቢባልም ባይባልም ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በ2022 በዓለም የተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ በአግባቡ መሰብሰቡና እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል መደረጉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም።

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425ን በ2010 ዓ.ም. አውጥቷል። ደንቡ ይውጣ እንጂ የተበላሸውን ራዲዮ ከየደጃፉ የሚሰበስበው ዛሬም ቆራሌው ነው። እርሱም ወደ መርካቶ ወስዶ ይሸጠዋል፤ መዳቡ ከሽቦው የሚለየውም ብዙውን ጊዜ በእሳት ነው።