ከበድር የቀሩት ሶሓባ፦ የቤት ውስጥ ሕክምና ታሪክ ከመዲና እስከ ደብረ ታቦር



በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲወጡ አንድ ታላቅ ሶሓባ መዲና ቀሩ፤ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ)። ባለቤታቸው ሩቀያ (ረ.ዐ)፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ፣ በጠና ታማ ነበር። አጠገቧ ሆነው እንዲያስታምሟት ያዘዟቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው። ሩቀያ ከዚያ ሕመም አልተነሣችም። የበድር ድል ብሥራት መዲና ሲደርስ ሰዎች ከቀብሯ ላይ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ለዑስማን በበድር እንደተዋጋ ሰው ከምርኮው ድርሻ ሰጧቸው፤ አጅራቸውም እንደ ተካፋዮቹ መሆኑን ነገሯቸው። በዚህም የታሪክ ጸሐፍት ዑስማንን ከበድር ሰዎች ጋር ይቆጥሯቸዋል።

እነዚህ ባልና ሚስት ለእኛ ሩቅ አይደሉም። ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካከል ነበሩ። የዛሬው ጽሑፋችን ዑስማን ስላከናወኑት ሥራ ነው፤ የታመመን ሰው በቤቱ ማስታመም። ይህ ሥራ በአገራችን ዛሬ ስምም ዋጋም አግኝቶ ወደ ንግድ እየተለወጠ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረሰና ከእኛ ምን እንደሚፈልግ በደቡብ ጎንደር በኩል እየተመለከትን እንጓዝ።

1. ቤቱ ሆስፒታል በነበረበት ዘመን

በድሮዋ በጌምድር፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው በደሪጣ የኖሩ ሙስሊም ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሸቀጣቸውን ይዘው እስከ ምፅዋ ይወርዱ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የሚያቋርጠው ነጋዴ ቢታመም የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። ሌላ ቦታ አልነበረምና። ስብራቱን ወጌሻ ያሻል፤ ሚስቱን የልምድ አዋላጅ ታዋልዳለች፤ ዋግምት ይታገማል፤ ጥቁር አዝሙድና ማር ይቀመጣል። ሕመሙ የበረታበት በደራ ወደሚገኘው ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወሰዳል። የማይራመደውን ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያሻግረዋል። አራስ ስትኖር የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ገንፎዋን ያገነፋሉ፣ ልጇን ያጥባሉ።

ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ ይሠራ ነበር፤ ሸክሙም በአብዛኛው የሴቶች ነበር። እናት፣ ሚስት፣ ምራትና ሴት ልጅ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድራሉ፤ ጠዋት ደግሞ ውሃ ይቀዳሉ፣ እህል ይፈጫሉ። ታሪክ ሲጻፍ የራሶቹ ስም ተጻፈ፤ የአስታማሚዎቹ ስም ግን የትም የለም።

ድክመትም ነበረው። ልጅ በማሕፀን ሲጣመም ወይም ደም አልቆም ሲል የሰፈር ፍቅር ብቻውን ነፍስ አያድንም። ከዚህም ሌላ የቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚቆመው ቢያንስ አንድ ጤነኛ ሰው በቤቱ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በወረርሽኝ ሲነሣ ይህ ታየ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ ሞተ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል አይገኝም።

2. ሐኪሙ ወደ ቤት መጣ

በ1947 ዓ.ም በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ረድተውታል። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላካሉ። የኅብረተሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በቤታቸው ትጎበኛለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። ሕመምተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ቀርቶ ባለሙያው ወደ እሱ እንዲሄድ ማድረግ በዚህች አገር በሥርዓት የተጀመረው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የፈንጣጣ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ክትባት ሰጪዎች በእግርና በበቅሎ ተራራውን እየወጡ ቤት ለቤት በሽተኛ ፈለጉ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ፈንጣጣ የለም።

በደርግ ዘመን ከየቀበሌው የተመረጡ የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች አጫጭር ሥልጠና ተሰጣቸው። በዚያው ዘመን ወረታን በደብረ ታቦር በኩል ከወልዲያ ጋር ያገናኘው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ለብዙ የጋይንትና የፋርጣ ሕመምተኞች የቃሬዛውን ጉዞ አሳጠረ። ከመንገዱ ርቆ በጉና ወገብ ላይ ላለው ግን ቃሬዛው ቀጠለ።

3. ደጅ የሚያንኳኩት ልጃገረዶች

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ። ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍላል፤ በጤና ኬላ ይሠራሉ፤ የሥራ ጊዜያቸው ትልቁ ድርሻ ግን ቤት ለቤት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በለጠ። ትምህርታቸው 16 ክፍሎች ነበሩት፤ ከመጸዳጃ ቤት አሠራር እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ እስከ ወባ። በ2002 ዓ.ም አካባቢ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንዲያክሙም ተፈቀደላቸው። በከተሞችም በነርሶች የሚሠራ ተመሳሳይ ፕሮግራም ተከፈተ።

ውጤቱን ቁጥር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2012 ቁጥሩ ወደ 68 ወርዶ ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ የእነዚህ ሴቶች እግር ግን አንዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እነዚሁ ባለሙያዎች ቤት ለቤት የሚሄዱት እናቶችን ከቤት አውጥተው በጤና ተቋም እንዲወልዱ ለማሳመን ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገ ጥናት ከ100 ወሊዶች 95ቱ በቤት ነበሩ። በ2019 ግማሽ ያህሉ በጤና ተቋም ሆነ። ጥሩ የቤት ውስጥ ሕክምና የራሱን ወሰን ያውቃል፤ መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ያውቃል።

4. አልጋ ሲሞላ

ኤች አይ ቪ በበረታባቸው ዓመታት የሆስፒታል አልጋዎች ሞሉ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ብዙውን ቤተሰቡ ፈራው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዕድሮች ተነሡ። ሰው ሲሞት ለመቅበር የተቋቋመው ማኅበር ሰው ሳይሞት ማስታመም ጀመረ። በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው ቁስል አጠቡ፣ ልብስ ቀየሩ፣ ምግብ አበሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም በካንሰርና መዳን በማይችል ሕመም የተያዙትን በቤታቸው እየጎበኘ ሥቃያቸውን ማስታገሥ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ ሲገባ ደግሞ ቀላል ምልክት ያለባቸው በቤታቸው ተለይተው ክትትል እንዲደረግላቸው መንግሥት ወሰነ። ያን ጊዜ በየቤቱ ሙቀት መለኪያ ተገዛ፤ አቅም ያለው ኦክስጅን ሲሊንደር አስገባ።

5. ሥራው ዋጋ ሲወጣለት

ዛሬ በአዲስ አበባ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ሐኪም ቤት ድረስ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። ነርሱ ለቀን፣ ለሌሊት ወይም ለወር ይቀጠራል። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያ የነበሩት ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን ሲመሠርቱ፣ ሕክምና ከሆስፒታል ግድግዳ ውጭም እንደ ድርጅት ሊሠራ እንደሚችል ብዙዎች አዩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስትሮክ፣ ስኳር፣ የደም ግፊትና ካንሰር በዝተዋል። እነዚህ በሦስት ቀን አልጋ አያበቁም። በስትሮክ የተኛን ሰው የአልጋ ቁስል እንዳይዘው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ካቴተር መቀየር፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ የደነዘዘ እጅ ማሠራት አለ። ሆስፒታሉ አልጋውን ለሌላ ይፈልገዋል። ምራቷ ግን ሥራ ትውላለች፤ ልጁ ውጭ አገር ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከጂዳ ብር ይልካል፤ ብሩ ነርስ ይቀጥራል። በሌላ በኩል ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች አሉ። ገበያው የተፈጠረው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

እንደ ደብረ ታቦር ባሉ ከተሞች ነገሩ ገና በትውውቅ ነው የሚሠራው። ነርሱ ተረኛ ሆኖ ሲወጣ በሚያውቁት ሰው ይጠራል፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ውል የለም፤ መዝገብ የለም፤ ስሕተት ቢፈጠር ማን እንደሚጠየቅ አይታወቅም። ፎገራ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መድኑ የሚሸፍነው ግን በጤና ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና ነው። ነርስ ቤት ድረስ ሲመጣ የሚከፈለው ከኪስ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ትገላበጣለች፤ የሌላት እናት ጀርባዋ ይቆስላል።

6. የእኛ እህቶች የት ናቸው?

ሌላም ገጽ አለ። ከወሎና ከጎንደር ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌትና ሊባኖስ የሄዱ እህቶቻችን በውላቸው ላይ "የቤት ሠራተኛ" ይባላሉ። ብዙዎቹ ግን የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንቶችን ሲያጥቡ፣ ሲያገላብጡና መድኃኒት ሲሰጡ ይውላሉ። ሥራው የአስታማሚ ነው፤ ክፍያውና ክብሩ ግን የለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ይህን ሙያ በእጃቸው ይዘው የመጡ ስንት ነበሩ? ወረቀት ስላልነበራቸው ማንም አልቆጠረላቸውም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል የጨረሰና የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ያዘዘው ከብዙ ጉዳት በኋላ ነው።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሙያውን አንናቅ። በተለይ ወንዶች! በሽተኛ ማጠብ የሴት ሥራ ነው የሚል ካለ ከበድር የቀሩትን ዑስማንን ያስታውስ። አባትን የሚያጥብ ወንድ፣ እናትን የምታጥብ ሴት ያስፈልጋሉ፤ ዐውራን የሚጠብቅ፣ ለተኛ ሰው ተየሙም የሚያስደርግና ተኝቶ እንዴት እንደሚሰገድ የሚያውቅ ባለሙያ በብዙ ቤት ይፈለጋል።

ሁለተኛ፣ በወረቀት እንሥራ። ነርስ የሆናችሁ ፈቃዳችሁን አሳድሱ፤ ስትሠሩ ውል ጻፉ፤ የሰጣችሁትን መድኃኒትና ሰዓቱን መዝግቡ። ያልተማራችሁትን አትንኩ። የሰው ገላና የሰው ቤት ምስጢር ሁለቱም አማና ናቸው።

ሦስተኛ፣ ጀመዓዎቻችንና ዕድሮቻችን ከቀብር በፊት ይድረሱ። ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ ያቆሙት ታላቅ ሆስፒታል በወቅፍ ይተዳደር ነበር፤ የወቅፉ ሰነድ በቤታቸው ለተኙ ድሆችም መድኃኒትና ምግብ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኛ ሆስፒታል መሥራት ባንችል በየመስጂዱ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ የሕመምተኛ አልጋ፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያ በወቅፍ ማስቀመጥና በሰፈሩ ያሉ ነርሶችን በተራ ማሰማራት አያቅተንም። ጎረቤታችን ክርስቲያን ቢሆንም ይድረሰው፤ ቃሬዛውን ድሮም አብረን ነው የተሸከምነው።

አራተኛ፣ ነርስ መቅጠር ልጅነትን አይተካም። ሱረቱል ኢስራእ ስለ ወላጆች ሲያወሳ እርጅና "አንተ ዘንድ" ሆነው ሲደርስባቸው ይላል፤ ዑለሞች ይህን ቃል በእንክብካቤህ ሥር፣ በቤትህ ብለው ያብራሩታል። ብር የላከ ልጅ መልካም አድርጓል። ስልክ ደውሎ "እማዬ፣ ዛሬ ማን አገላበጠሽ?" ብሎ ይጠይቅ፤ ቅርብ ያለው ደግሞ ማታ ገብቶ እጁን ያስገባ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ሌሊት ቁጭ ብለው ላደሩ እናቶቻችንና እህቶቻችን አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። በየሰፈራችሁ የተኛ ሰው ካለ ከዚህ ጁሙዓ በፊት ጠይቁት፤ ጽሑፉንም ለነርስ ጓደኞቻችሁና ለዕድር አመራሮቻችሁ አጋሩ።