ከምንጩ መቅዳት፤ ስለ ሸክላ ሙዚቃ ዳግመኛ እትም አጭር ታሪክ

በቋንቋችን «መቅዳት» የሚለው ቃል ብዙ አገልግሎት አለው። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሑፍ ከጽሑፍ ይቀዳል፤ ድምፅም በመሣሪያ ይቀዳል። አባቶቻችን «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ሲሉ የተናገሩት ለሦስቱም የሚስማማ ነው። በብራና ዘመን አንድ ጸሓፊ መጽሐፍ ለመገልበጥ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ አብነት የሚሆነውን ቅጂ ይመርጥ ነበር፤ ግልባጩም ካለቀ በኋላ ከአብነቱ ጋር ይመሳከር ነበር። ምክንያቱም አንድ ፊደል የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ግልባጭ የሚቀዱት ሁሉ ስሕተቱን እየወረሱ ይሄዳሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው፣ ይኸው የጸሓፊዎች ጭንቀት በሙዚቃ ሸክላ ዓለም እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ተፈተነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማት እንደሚቻል በ1877 ዓ.ም. በሥራ ያሳየው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው። የእርሱ መሣሪያ ድምፁን የሚቀበለው በሚሽከረከር ጥቅል ላይ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ጥቅሉን ትቶ በጠፍጣፋ ሰሌዳ መጠቀም ጀመረ፤ ጠፍጣፋው ሰሌዳ ከአንድ ማኅተም ብዙ ቅጂ ለማተም ስለሚያመች ገበያውን ወረሰ። የጥንቱ ሰሌዳ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል የሚዞርና ሲወድቅ የሚሰበር ስለ ነበር፣ «ሸክላ» የሚለው የአገራችን ስም በሚገባ ይስማማዋል። በ1948 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ከቪኒል የተሠራውን፣ በደቂቃ 33 ከሢሶ ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ አወጣ። በአንድ ፊቱ ከ20 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ለመያዝ ስለ ቻለ፣ ሙዚቀኞች አንድ ሐሳብ ያለው ሙሉ ሥራ አቀናብረው ለማቅረብ ተመቻቸው። የማግኔት ክርም ወደ ስቱዲዮዎች የገባው በዚሁ ዘመን ነው።

የነገሩን ፍሬ ለመረዳት የሸክላን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ሙዚቀኞቹ የተጫወቱት በመጀመሪያ በክር ላይ ይቀረጻል፤ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ «ዋና ክር» ይባላል። ከዋናው ክር የሚወጣው ድምፅ የመቍረጫውን መርፌ እያንቀሳቀሰ ለስላሳ ቅብ ባለው ሰሌዳ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ይቈፍራል። ይህ ሰሌዳ በብረት ይለበጥና የብረት ማኅተም ይወጣለታል፤ ማኅተሙም የሞቀውን ቪኒል ተጭኖ ሸክላውን ያትማል። ማኅተሙ ከሥራ ብዛት ያልቃል፤ ክሩም በተጫወተ ቍጥር በጥቂቱ ይጐዳል። ስለዚህ ኩባንያዎች ዋናውን ክር አስቀምጠው በግልባጩ መሥራት፣ ወደ ሌላ አገር ፋብሪካም የግልባጭ ግልባጭ መላክ ልማዳቸው ሆነ። ክር ከክር በተገለበጠ ቍጥር ደግሞ ሹክሹክታው ይጨምራል፤ የድምፁም ጥራት ይደበዝዛል።

ጥንቁቆቹ አድማጮች ቅር የተሰኙት በዚህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሞባይል ፊደሊቲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ተቋቁሞ፣ የታወቁ ሥራዎችን ከዋናው ክር እንደ ገና እየቀዳ ማሳተም ያዘ። የክሩንና የሰሌዳውን ፍጥነት በግማሽ ቀንሶ መቍረጥ የዚህ ድርጅት መታወቂያ ሆነ፤ መርፌው ጊዜ ስለሚያገኝ ቀጫጭኑን ድምፅ ሳይቀር በትክክል ይጽፋል ተባለ። በ1982 ዓ.ም. ሲዲ ለገበያ ሲቀርብ የሸክላ ዘመን ያለፈ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሲዲውም ቢሆን ከደከመ ግልባጭ የተቀዳ እንደ ሆነ የደከመውን ግልባጭ ከማሰማት አያልፍም፤ ስለዚህ ዋናውን ክር ፍለጋው በረታ እንጂ አልቀረም።

ፍለጋው ከንቱ አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ታሪክ ነው። ይህ ሥራ በ1959 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ፣ በሁለት ቀን ብቻ፣ በኒው ዮርክ 30ኛ መንገድ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ስቱዲዮው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበር በድምፁ መልካምነት የታወቀ ነበር። ጆን ኮልትሬን፣ ካኖንቦል አደርሊ፣ ቢል ኤቫንስ፣ ዊንተን ኬሊ፣ ፖል ቼምበርስና ጂሚ ኮብ አብረው ተጫወቱ። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን ዋናውን ክር የሚያዞረው መሣሪያ ከሚገባው ፍጥነት ትንሽ ዝግ ብሎ ነበር። ዝግ ብሎ የተቀዳ ክር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት የሸክላው አንደኛ ፊት፣ ማለት ሦስት ሙዚቃዎች፣ ከተጫወቱት በጥቂቱ ቀጥነው ወጡ። ከሸክላው ጋር አብሮ ለመለማመድ የሞከረ ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለው ነበር። ለጥንቃቄ በሁለተኛ መሣሪያ የተቀዳው ክር ግን ትክክለኛ ነበርና፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ዳግመኛ እትም ስሕተቱ ታረመ። ይህን ያህል የተወደደ ሥራ 33 ዓመት ሙሉ ከነጕድለቱ ሲሰማ ኖሮ የተስተካከለው፣ አንድ ትርፍ ክር ሳይጣል በመቀመጡና መርምሮ ያመሳከረ ባለሙያ በመገኘቱ ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። በሐምሌ ወር 2022 ዓ.ም. የሞባይል ፊደሊቲ መሐንዲሶች፣ ብዙዎቹ ሸክላዎቻቸው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጥታ ከክር ወደ መቍረጫው ያልተላለፉ፣ በመካከሉ በዲጂታል የተገለበጡ መሆናቸውን ገለጹ። ገዢዎች ግን ዲጂታል የሚባል ነገር በመካከሉ ያልገባበት መስሏቸው ብዙ ገንዘብ ከፍለው ነበር። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2023 ዓ.ም. በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈጸመ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። መሐንዲሶቹ ወደ ክር ማኖሪያው ድረስ ሄደው በዲጂታል መገልበጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የከበረ ክር ከማኖሪያው እንዲወጣ ባለቤቶቹ አይፈቅዱም፣ ደጋግሞ ማጫወቱም ይጐዳዋል። ከዚህም በላይ እነዚያን ሸክላዎች አብዝተው ያመሰገኑ ጥንቁቅ አድማጮች በጆሯቸው ልዩነቱን አልለዩትም ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ በአሠራሩ ሳይሆን በዝምታው ነው። ጸሓፊ ከየትኛው አብነት እንደ ገለበጠ ቢናገር አያፍርበትም፤ የግልባጭን ግልባጭ ይዞ ዋና ነው ካሰኘ ግን እምነት ይጠፋል፤ የጠፋ እምነት ደግሞ በገንዘብ አይመለስም።

ጉዳዩ የባዕድ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ፣ አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በ1969 ዓ.ም. ደፍረው የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች፣ በተጨማሪም ረጃጅም ሸክላዎች አወጡ። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ የሸክላው ሥራም ቀዘቀዘ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ ድርጅት አማካይነት፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ «ኤቲዮፒክስ» በሚል ስም እነዚያን ዘፈኖች በተከታታይ በሲዲ ማሳተም ባይጀምር ኖሮ፣ የማኅሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ የዚያ ዘመን ሥራ በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ባልታወቀ ነበር። ይህ የሚያስደስት ነው፤ የሚያሳስብም ነው። የራስን ድምፅ ከሩቅ አገር ገዝቶ መስማት ከቶ ካለመስማት ይሻላል፤ ነገር ግን ምንጩን ራስ ጠብቆ ለጠያቂ ማቅዳት ከሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ትርፍ የመሰለ ክርና ያረጀ ሸክላ አይጣል፤ የዛሬው ትርፍ የነገው አብነት ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ በየክሩ ሳጥን ላይ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ፍጥነት እንደ ቀዳው ይጻፍ፤ ስም የሌለው ክር ባለቤት እንደሌለው ደብዳቤ ነው። ሦስተኛ፣ ዳግመኛ የሚያሳትም ሰው ከምን እንደ ቀዳ በግልጽ ይናገር። መዝገብ ቤት የሚጠብቁ ሹማምንት፣ በየትምህርት ቤቱ ክር የሚያኖሩ መምህራን፣ የአባታቸውን ሸክላ የወረሱ ተማሪዎች ሁሉ በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ሸክላ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ ተደራርቦ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ቢቆም ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ ይቈያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ትጋት ነው፤ ውሃም የሚቀዳው ምንጩ ሳይደርቅ ነው።