የትሬድ መርዶ

ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ፕሮግራም እንዴት እንደ ወጣ ራሱ መናገር ይችላል። መሀል ላይ ተደናቅፎ የወደቀ ግን አንደበት የለውም፤ ሌላ ይናገርለት ዘንድ ግድ ነው። ያ ሌላው ከርነል ነው፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት። አገራችን መርዶ በማንም አፍ፣ በወሬ መሀል ተደባልቆ እንዲነገር አትፈቅድም፤ ነጋሪው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይጠበቃል፣ ሰሚውም የሰማው መርዶ እንጂ ወሬ እንዳልሆነ ያውቃል። የከርነልም መርዶ እንዲሁ ነው። ከርነሎች የፕሮሰስን፣ ማለትም በመሠራት ላይ ያለ ፕሮግራምን፣ እና በውስጡ ጎን ለጎን የሚሮጡ የትሬዶችን ድንገተኛ ሞት እንዴት ሲናገሩ እንደኖሩ ያለፉትን ሃምሳ ዓመታት ያየ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፦ የሞት ዜና የሕያዋን ንግግር በሚሄድበት መንገድ በተላከ ቁጥር ሐሰት ሆኗል፤ የራሱ መንገድ በተሰጠው ቁጥር ታምኗል። ይህን መንገድ መፈተንም ከሌሎች የሶፍትዌር ፈተናዎች ሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል ከነበረው ቤል ላብስ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዩኒክስን ፒዲፒ-7 በተባለ ትንሽ ማሽን ላይ ሲጀምሩ ሞትን የሚናገር የተለየ ጥሪ አልሠሩም ነበር። የነበራቸው ፕሮሰሶች እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩበት ጥሪ ነው፤ ሪቺ ራሱ በኋላ ስለ ዩኒክስ አመጣጥ ሲጽፍ ዘዴውን አስረድቷል። ሼሉ፣ ማለትም የተጠቃሚውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ አንድን ትእዛዝ የሚፈጽም ፕሮሰስ ከፈጠረ በኋላ ለዚያው ፕሮሰስ መልእክት ይልክና ተቀባይ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ትእዛዙ መልእክት የማንበብ ልማድ ስለሌለው መልእክቱን አይቀበልም፤ ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ የሼሉ ጥሪ «ተቀባዩ የለም» የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል፤ ሼሉም ከዚህ ተነሥቶ ልጁ ማለቁን ይረዳል። ብልሃት ነው፤ ግን ቀዳዳ አለው። ትእዛዙ በራሱ ምክንያት መልእክት ለማንበብ ቢሞክር ያንን የሼሉን የይስሙላ መልእክት ይቀበላል፤ ሼሉም ጥሪው ስለተመለሰለት ልጁ የሞተ መስሎት ቀጣዩን ትእዛዝ ማንበብ ይጀምራል። ልጁ በሕይወት እየሠራ ነው፤ ወላጁ መርዶውን ሰምቷል። በዩኒክስ ታሪክ የመጀመሪያው የሐሰት መርዶ የተወለደው እንግዲህ ከዚህ ነው፦ አንድ መንገድ ለሁለት ዓይነት ዜና ከመዋሉ።

መፍትሔው «ዌት» የተባለው የተለየ ጥሪ ሆነ፤ በኅዳር 1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ማንዋል ውስጥ ይገኛል። ጥሪው ከመልእክት መላላኪያው ያነሰ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። እስከ ስድስተኛው እትም፣ ማለትም እስከ 1975 ድረስ ደግሞ መልሱ ዛሬም የምናውቀውን ቅርጽ ይዟል። ዩኒክስ ቀጥሎ የተዛወረበት ፒዲፒ-11 የሚሠራው በ16 ቢት ነው፤ ይህ ለሁለት ተከፈለ። ላይኛው ባይት ለሟቹ ተሰጠ፤ ፕሮግራሙ ሲወጣ የተናገረው ቁጥር እዚያ ይቀመጣል። ታችኛውን ባይት ከርነሉ ለራሱ አስቀረ፦ በሰባቱ ቢት የገደለውን ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮሰስ የሚያደርሰውን ምልክት) ቁጥር፣ በአንዷ ቢት ደግሞ የሟቹ ማህደረ ትውስታ «ኮር» በተባለ ፋይል መቀመጥ አለመቀመጡን ይጽፋል። የክፍፍሉን ጥቅም ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። የተከለከለ አድራሻ ነክቶ በሲግናል 11 የሞተና ኮር የተወ ልጅ ለወላጁ የሚደርሰው ቁጥር 139 ነው፤ 11 ሲደመር 128። በሰላም ወጥቶ በገዛ ፈቃዱ 139 ያለ ልጅ ደግሞ የሚደርሰው 35584 ነው፤ ቁጥሩ በላይኛው ባይት ስለተቀመጠ በ256 ተባዝቷልና። ሁለቱ ከቶ አይምታቱም። ፕሮግራሙ ምንም ቢል የከርነሉን ባይት መንካት አይችልም፤ በ16 ቢት ውስጥ ይህን ያህል ጥንቃቄ መኖሩ እስካሁን ይደንቀኛል።

ነገር ግን ይኸው ድንበር አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ፈረሰ። ሼሉ ከከርነሉ የተቀበለውን ለተጠቃሚው ሲያስተላልፍ ሁለቱን ባይቶች መልሶ ወደ አንድ ጨመቃቸው፤ በሲግናል ለሞተ ፕሮግራም 128 ሲደመር የሲግናሉ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ በከርነሉ ዘንድ 139 እና 35584 የነበሩት ሁለት ሰዎች ሼሉ ዘንድ ሲደርሱ ሁለቱም 139 ናቸው። ይህን የሚከላከሉ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንድ ቁጥር ርካሽ ነው፣ ለስክሪፕት ይመቻል፣ በገዛ ፈቃዱ 139 የሚል ፕሮግራም በተግባር የለም ይላሉ። የመጨረሻው ግን እውነት አይደለም። ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ መጠቅለያ ሁሉ፣ ሼሉ ራሱም ጭምር፣ የልጁን ቁጥር ተቀብሎ በዚያው ቁጥር የመውጣት ልማድ አለው፤ የወደቀው ልጅ ሆኖ ሳለ ወላጁ በሰላም «139» ብሎ ይወጣል፤ ከላይ ያለው ተመልካችም ማን እንደሞተና ማን እንዳወራ መለየት ይሳነዋል። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው፣ ሌላ ቀን ይከፍለዋል።

ትሬድ ሲመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፕሮሰስ አንድ ነፍስ በነበረበት ዘመን «ማን ሞተ» የሚል ጥያቄ አልነበረም። አንድ ማህደረ ትውስታ የሚጋሩ ብዙ ትሬዶች ሲኖሩ ግን አንዱ ሲወድቅ ዜናው ለማን ይነገራል? ዴቭ ከትለር የመራውና በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ለእያንዳንዱ ትሬድ የመውጫ ቁጥር ሰጠ፤ ግን ትሬዱ ገና በሕይወት መኖሩንም በዚያው ቁጥር እንዲናገር አደረገ፦ 259 ከሆነ «ገና እየሠራ ነው» ማለት ነው። በ259 የወጣ ትሬድ እንግዲህ ሞቶም በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል። በ1995 የጸደቀው የፖዚክስ ትሬድ መስፈርት ደግሞ ጥያቄውን በሌላ በኩል አለፈው፤ ትሬድን የሚጠብቅ ሌላ ትሬድ የሚያገኘው ሟቹ የመለሰውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ገዳይ ሲግናል የመጣ እንደሆነ ሙሉው ፕሮሰስ አብሮ ስለሚሄድ ዜናውን የሚሰማ ጠባቂ አይተርፍም።

የተለየ መንገድ የቀየሰው በሪቻርድ ራሺድ መሪነት ከ1985 ጀምሮ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማክ የተባለ ከርነል ነው። ማክ ትሬድን ከፕሮሰስ ለይቶ ራሱን የቻለ ነገር አደረገው፤ ቀጥሎም ለትሬዱም ለፕሮሰሱም የመውደቅ ዜና ብቻ የሚሄድበት ወደብ ሰጣቸው። ትሬድ ሲደናቀፍ ከርነሉ ያቆመዋል፣ በዚያ ወደብ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ የትኛው ትሬድ፣ በየትኛው ፕሮሰስ፣ በምን ምክንያት እንደቆመ ይናገራል፤ ትሬዱ ገና ሳይፈርስ ሬጅስተሮቹን መመርመርም ይቻላል። በቅርጹ ከፒዲፒ-7 መልእክት ጋር የሚመሳሰል ይመስላል፤ ልዩነቱ ወደቡ ለሌላ ነገር አለመዋሉና ላኪው ከርነሉ መሆኑ ነው። የዛሬው ማክኦኤስ የብልሽት ዘገባ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ የጉግል ዚርኮን ከርነልም በራሱ መንገድ ይህንኑ ሐሳብ ወርሷል።

መንገዱን መቀላቀል ከኮምፒውተር ክፍል ውጭ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ከ4 ሰኔ 1996 የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። በዚያ ቀን ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ የተነሣው አሪያን 5 ሮኬት 40 ሰከንድ ያህል በርሮ ተበታተነ። በዣክ-ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን ምክንያቱን አገኘ። አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር አንድን ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲቀይር ቁጥሩ አልገባለት አለና ሶፍትዌሩ ወደቀ፤ ተጠባባቂው መሣሪያም በዚያው ምክንያት ጥቂት ቀድሞ ወድቆ ነበር። ቁጥሩ አልገባ ማለቱ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ቀጥሎ የሆነው ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጣል። የወደቀው መሣሪያ ስለ ውድቀቱ የሚያስረዳውን የምርመራ መረጃ የላከው የበረራ መለኪያ በሚተላለፍበት በዚያው መስመር ነው። ዋናው ኮምፒውተር መርዶውን እንደ መለኪያ አነበበው፤ ሮኬቱ ያልነበረበትን አቅጣጫ ለማረም የሞተሮቹን አፍ እስከ መጨረሻው አዞረ። አሪያን ከርነል አልነበረም፤ የስህተቱ አካሄድ ግን የፒዲፒ-7ቱ ሼል ራሱ ነው።

እዚህ ላይ በጣም ብርቱ የሆነውን ተቃውሞ መመለስ አለብኝ። አንድ ትሬድ የተከለከለ አድራሻ ከነካ ሁሉም የሚጋሩት ማህደረ ትውስታ ተጠርጣሪ ነው፤ ሙሉውን ፕሮሰስ መግደል ከሁሉ የሚሻል ጥንቃቄ ነው፤ እንግዲያው የእያንዳንዱን ትሬድ አሟሟት መዘገብ ለምን ይጠቅማል? በግድያው እስማማለሁ፤ በዝምታው ግን አልስማማም። ዣቪየር ለርዋ በ1996 ለሊኑክስ ያዘጋጀው የትሬድ ላይብረሪ እያንዳንዱን ትሬድ በከርነሉ ዘንድ እንደ አንድ ፕሮሰስ ይቆጥረው ነበር፤ ሲወድቅ የሚገኘው ኮር የዚያ የአንዱ ትሬድ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በዚያ ቅጽበት ምን ይዘው እንደነበር አይታወቅም። ኡልሪክ ድሬፐርና ኢንጎ ሞልናር የሠሩት አዲስ ላይብረሪ ከሊኑክስ 2.6 ጋር በ2003 ሲገባ ከርነሉ ትሬዶቹን በአንድነት ማስወጣትና የሁሉንም ሬጅስተር በአንድ ኮር ማስቀመጥ ቻለ። ሁሉም አብረው ቢሞቱም ምርመራው የሚጀምረው «መጀመሪያ የወደቀው የትኛው ነው» ከሚለው ነውና ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚህም በላይ ሞት ከፕሮሰስ አጥር ተሻግሮ ይጎዳል፤ ሁለት ፕሮሰሶች የሚጋሩትን ቁልፍ ይዞ የሞተ ትሬድ ሌላውን ለዘላለም ያስጠብቀዋል። ዊንዶውስ ኤንቲ እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ጠንቃቃ ነበር፤ ቁልፉን ቀጥሎ የሚይዘው ትሬድ «ባለቤቱ ጥሎት ሞቷል» የሚል የተለየ መልስ ያገኛል። ሊኑክስ ይህን ያገኘው በ2006 ነው፤ ፖዚክስም በ2008 አጸደቀው።

ፈተናው ለምን ይቀድማል ያልኩትን አሁን ማስረዳት ይቻላል። ባርተን ሚለር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ጋር በ1988 የጀመረው፣ በ1990 የታተመው ጥናት የዩኒክስ መገልገያ ፕሮግራሞችን በዘፈቀደ ፊደል እያጥለቀለቀ ከተሞከሩት ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑትን ጣላቸው። ዳኛው ማን ነበር? ፕሮግራሙ ኮር ጥሎ መሞቱን ወይም ተንጠልጥሎ መቅረቱን ማየት ነበር የጥናቱ መስፈርት፤ ማለትም የከርነሉ ቃል። ዛሬ በየቀኑ የሚሠሩ ሚሊዮን ፈተናዎችም በዚሁ ቃል ላይ ተመርኩዘው «አለፈ» «ወደቀ» ይላሉ። ዳኛው ራሱ ካልተፈተነ ፍርዱ ሁሉ ጥርጣሬ አለበት። በ2000 በኤስጂአይ ኩባንያ የተጀመረው የሊኑክስ ቴስት ፕሮጀክት ይህን ከሚያደርጉት አንዱ ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ ልጅ ፕሮሰስ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርግና ወላጁ ሲግናሉ 6 መሆኑንና የኮሯ ቢት መብራቷን ይመለከታል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኮር መጠን ገደብ ዜሮ በሆነበት ማሽን ላይ ያቺ ቢት አትበራም፤ ፈተናው ቀድሞ ገደቡን ከፍ ካላደረገ ጤነኛውን ከርነል በሐሰት ይከሳል።

የትሬድ ፈተና ከዚህ ይከብዳል፤ ጥሩ ፈታኝ የሚያዘጋጀው ሟችን ብቻ ሳይሆን ሟች መሳይንም ነው። በሲግናል 11 የሚሞት ትሬድ ካለ አጠገቡ በሰላም 139 ብሎ የሚወጣ ያስቀምጣል፤ በዊንዶውስ ላይ በ259 የሚወጣ ትሬድ ይጨምራል። አንዱ ትሬድ ሲደናቀፍ ሌላው በዚያው ቅጽበት ሙሉውን ፕሮሰስ በዜሮ እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ ፕሮሰሱ ያለው አንድ ቁጥር ነውና የቀደመው ያሸንፋል፤ ይህን እሽቅድምድም አንዴ ማየት ምንም አያረጋግጥም፣ ደጋግሞ ማስኬድ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የዋናው ትሬድ ጉዳይ ነው። በሊኑክስ ዋናው ትሬድ ብቻውን ወጥቶ ሌሎቹ ቢቀጥሉ ፕሮሰሱ በዝርዝሩ ላይ እንደ ዞምቢ ይታያል፤ ሥራው ግን አልቆመም፤ ወላጁም የመጨረሻው ትሬድ እስኪወጣ ምንም አይነገረውም። አንድን ትሬድ ለይቶ የሚከታተል ፋይል ገላጭ በሊኑክስ 6.9 የገባው በ2024 ነው፤ ዋናው ትሬድ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲወጣ መርዶው መቼ ይነገር የሚለው ከዚያም በኋላ እንደገና መስተካከል ነበረበት፤ ማስተካከያውም ዋናውን ትሬድ ሆን ብለው አስቀድመው ከሚያስወጡ አዳዲስ ፈተናዎች ጋር ነው ወደ ከርነሉ የገባው።