የምኑ 16?

ልጅ ሆኜ እቤታችን ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው ጌም ነበረን። ታላቅ ወንድሜ ከመርካቶ የገዛው ነው (ሁለተኛው ጆይስቲክ የሚደርሰኝ ጓደኞቹ ሲሄዱ ብቻ ነበር)። ካርቶኑ ላይ በትልቁ፣ በቀይ፣ «64 ቢት» ተብሎ ተጽፏል። የሰፈር ልጆች ቁጥሩን እንደ ማዕረግ ነበር የሚጠሩት። የጎረቤቶቻችን 32 ስለሚል የኛ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ቢት ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱም ላይ ግን የሚሮጠው ያው ማሪዮ፣ የሚተኮሰውም ያው ዳክዬ ነበር። ብዙ ቆይቼ እንደተረዳሁት ሁለቱም ኔንቲዶ በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው የፋሚኮም ኮፒዎች ነበሩ፤ ፋሚኮም ደግሞ 8 ቢት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እሺ፣ ካርቶኑ ዋሸን። እኔን የገረመኝ ግን ካርቶኑን ያሳተመው ሰው ይህን ጥበብ ከማን እንደተማረ ነው። ስማቸው የተከበረ ኩባንያዎች አሥር ዓመት ሙሉ ይህንኑ ቁጥር ሲሸጡ ኖረዋል። ልዩነቱ የእነሱ ቁጥር ሐሰት አለመሆኑ ነው። የምን ቁጥር እንደሆነ ብቻ አይናገሩም።

እስቲ መጀመሪያ ቢትን እንፍታው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ነው፤ እያንዳንዷ ዜሮ ወይም አንድ፣ አንድ ቢት ናት። ስምንት ቢት ብንደረድር ከ0 እስከ 255 ያሉትን ቁጥሮች መጻፍ እንችላለን። በ1986 የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» ላይ የቱንም ያህል ገንዘብ ብትለቅሙ ቦርሳው 255 ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው። በ16 ቢት ከ65 ሺህ በላይ፣ በ32 ቢት ከ4 ቢሊዮን በላይ ይደረሳል። ይህ ማለት ግን 8 ቢት ማሽን 300ን መቁጠር አይችልም ማለት አይደለም። ከፋፍሎ በሁለት ዙር ይሠራዋል፤ ጊዜ ይወስድበታል እንጂ አያቅተውም።

ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ውስጥ «ስንት ቢት ነህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ክፍል አንድ ባለመሆኑ ነው። የእህል መጋዘን አስቡ። ውስጥ ያሉት ጫኝና አውራጆች በአንድ ጊዜ ስንት ኩንታል ያነሳሉ? በሩስ በአንዴ ስንቱን ያሳልፋል? ሁለቱም በቢት ይለካሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በሜጋኸርዝ የሚለካው ፍጥነት ነው። እንግዲህ መጋዘኑ ላይ «16» የሚል ታፔላ ቢሰቀል ስለ የትኛው እንደሚያወራ በምን ታውቃላችሁ?

የሴጋ ሜጋ ድራይቭ በ1988 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ አናቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «16 ቢት» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ውስጡ ያለው የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር በሩ 16 ነው፤ ቁጥር የሚይዝባቸው የውስጥ ጎተራዎቹ ግን 32። ሴጋ ቢያምረው ኖሮ 32 ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ጨዋ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የኔንቲዶ ሱፐር ፋሚኮም መጣ። እሱም 16 ተባለ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጡ 16፣ በሩ ግን 8 ነው። ፍጥነቱም ቢበዛ 3.58 ሜጋኸርዝ ሲሆን የሴጋው 7.67 ነበር። (ይህችም ብትሆን በቀጥታ አትወዳደርም፤ 68000 ለአንድ ሥራ ብዙ ምት ይፈጃል።) ታዲያ ሴጋ በለጠ? ሱፐር ፋሚኮም ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ 256 ቀለማት ሲያወጣ ሜጋ ድራይቭ በተለመደው አሠራሩ 64 ብቻ ነበር የሚያወጣው። አንዱ ሯጭ፣ ሌላው ሠዓሊ። የሁለቱም ታፔላ ግን 16።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኤንኢሲ ፒሲ ኢንጂን የሚባለውን ኮንሶሉን በ1989 አሜሪካ ሲያስገባ ስሙን ቀይሮ ተርቦግራፊክስ 16 አለው። ፕሮሰሰሩ 8 ነው። 16 የሆነው ምስል የሚስለው ቺፕ ነው። የ1990ው ኒዮ ጂኦማ ይባስ ብሎ «24 ቢት» ተብሎ ተዋወቀ። ውስጡ ያው 68000 ከአንድ ባለ 8 ቢት ቺፕ ጋር አለ፤ 16 ሲደመር 8። በዚህ ሒሳብ ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች አንድ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ናቸው።

የመደመሩ ነገር ጫፍ የደረሰው በአታሪ ጃጓር ነው። በ1993 መጨረሻ ሲወጣ «64 ቢት» ተባለ፤ ማስታወቂያውም ደንበኛውን ሒሳቡን ራስህ ሥራው ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ጃጓር ውስጥ በእርግጥ 64 የሆነ ነገር አለ። ዋናው የሜሞሪ መንገድና ምስል የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች 64 ናቸው። ዋናዎቹ አሳቢ ቺፖች ግን 32 ሲሆኑ፣ አስተባባሪ ሆኖ የተቀመጠው ያው የሴጋው 68000 ነበር። ጌም ሠሪዎቹም አዲሶቹ ቺፖች አስቸጋሪ ስለሆኑባቸው ብዙውን ሥራ የሚያውቁት አሮጌው ላይ ጫኑት። ስለዚህ 64 ብሎ የገዛ ልጅ ብዙ ጊዜ የተጫወተው የሜጋ ድራይቭን የመሰለ ጌም ነው። ጃጓር በ1996 ተቀበረ።

የዘመኑ መጽሔቶች ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር አልልም። ግን ዘመኑን ራሱ «የ8 ቢት»፣ «የ16 ቢት» እያሉ በቁጥር ከፍለው ጻፉ፤ አንባቢውም የእድገት ደረጃ አድርጎ ያዘው። ማቴል (የባርቢ አሻንጉሊት ባለቤት ነው) በ1980 በመላው አሜሪካ ለገበያ ያቀረበው ኢንተለቪዥን ፕሮሰሰሩ 16 ቢት እንደነበር ማን ያስታውሳል? ከኋላው የመጣው ባለ 8ቱ ፋሚኮም ግን በምስልም በእንቅስቃሴም ጥሎት ሄዷል።

እውነተኛው 64 የመጣው በ1996 ነው፤ ቁጥሩን ስሙ ያደረገው ኔንቲዶ 64። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ 64 ነበር። ጌሞቹ ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በ32 ነው፤ ትልቅ ቁጥር ብዙ ሜሞሪ ይበላል፣ ኮንሶሉ ያለው ደግሞ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባለ 32ቱ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ኔንቲዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን ገደማ ቆመ። ፕሌይስቴሽን በርካሽ ሲዲ ላይ ከ600 ሜጋባይት በላይ ሲይዝ የኔንቲዶ ካሴት ከ64 ሜጋባይት አላለፈም። ስለዚህኛው 64 ግን ማንም ማስታወቂያ አልሠራም።

ሴጋ በ1998 ድሪምካስትን 128 አለው። ፕሮሰሰሩ 32 ነው፤ አራት ባለ 32 ቁጥሮችን አንድ ላይ ማስላት ስለሚችል አራት ጊዜ 32። በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ሲያወጣ ውስጡ የኢንቴል 32 ቢት ፕሮሰሰር ነበር። ቁጥሩ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አቅሙ ግን ከድሪምካስት በብዙ ይበልጣል። ስለ ቢት ማውራት ቀስ ብሎ ቀረ። አሁን ቦታውን ቴራፍሎፕ ይዞታል፦ በ2020 ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12 ብሎ፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 10.28 ብሎ ወጣ። በሽያጭ የመራው ባለ 10.28ቱ ነው።

ወንድሜ በቀደም ፕሌይስቴሽን 5 ሊገዛ ዋጋ ሲጠያይቅ ሰንብቶ ደወለልኝ።

«ስንት ቢት ነው?»

«64።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «ያ የድሮው ጌማችንም እኮ 64 ነበር» አለኝ።