ባንኮ ጎቲቲን በስንት ስም እንፈልገው?

የምሳ ሰዓት ሥልጠና የሚባል ነገር አለ። ውጭ አገር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የቆየ ልማድ ነው፤ እኛም ካምፓሶች ውስጥ አልፎ አልፎ ማየት ጀምረናል። ሳንድዊቻችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ፕሮጀክተሩን ይከፍታል፣ ጉግል ስኮላርን፣ ዞቴሮን፣ ሜንደሌይን፣ ሰሞኑን ደግሞ ቻትጂፒቲን ያስጎበኛችኋል። ጥሩ ነገር ነው። የማጣቀሻ ዝርዝር በእጃቸው እየለቀሙ ሌሊቱን ያነጉ ተመራቂዎችን ስለምናውቅ አንቀልድበትም። ቅሬታችን አንድ ነው፦ የት እንደምንጫን ይነገረናል እንጂ መሣሪያው ማንን ታስቦ እንደተሠራ አይነገረንም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ባንኮ ጎቲቲን እንውሰድ። ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ይርጋጨፌን አልፎ፣ በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ የሚገኝ ቀበሌ ነው። ስሙን በላቲን ፊደል ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ቡና ነው፤ የአበባ ሽታ፣ የሎሚ ቃና፣ ዋጋው በዶላር። (ስሙ ከረጢት ላይ መውጣቱም የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ በኋላ የየቀበሌው ቡና በደረጃ ተመድቦ በአብዛኛው "ይርጋጨፌ" በሚል ስም ይቀላቀል ነበር። ትንንሽ ቦታዎች ስማቸው በብዛት የተመለሰላቸው ከ2017ቱ የሕግ ለውጥ ወዲህ ነው።) ከቡናው ቀጥሎ ሐዘን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ጌዴኦ ገቡ፤ በ2019 መጀመሪያ ላይ ጎቲቲ የተጠለሉት ሰዎች ረሃብ የዓለም ዜና ሆነ።

እንግዲህ አንድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለዚህ ቀበሌ ሊያጠና ተነሳ እንበል። አንዱ ቡና ነጋዴ የስሙን መጨረሻ በ"ኢ" ድምፅ ይጽፈዋል፣ ሌላው በ"ኤ"። የእርዳታ ሪፖርቶች "ባንኮ"ን ጥለው "ጎቲቲ" ብቻ ይላሉ። በአማርኛ ደግሞ "ጎ" አለ፣ "ጐ" አለ፤ ዞኑም አንዴ "ጌዴኦ"፣ አንዴ "ጌዲኦ" ነው። ለእኔና ለእናንተ ሁሉም አንድ ቦታ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ሌላ ቃል ነው፤ ቡናውን ያገኘ ተፈናቃዩን ሊያጣው ይችላል።

ይህ ጣጣ ዛሬ አልተጀመረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ኢንጂነር አያና ብሩ የእንግሊዝኛን ታይፕራይተር ለአማርኛ ሲያመቻቹ ፊደላችን ለማሽኑ በዛበት፤ መፍትሔው ቅጥያዎችን ለብቻ እየመቱ መቀጠል ሆነ። ፊደሉ ለማሽኑ ሲል ቅርፁን ለወጠ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላው እና ዶክተር አበራ ሞላ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ አወጡት። (ማን ቀደመ? የሚለው ክርክር ዛሬም ያናድዳልና አንገባበትም።) ከዚያ የነፓወር ግዕዝና የነቪዡዋል ግዕዝ ዘመን መጣ። ያን ዘመን የሚያስታውስ ያውቃል፦ አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠብጣብ ክምር ይሆናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በአንድ ሠንጠረዥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ቪስታ "ኒያላ" የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007።

እነዚህን ዓመታት ከዲላ ጋር አስተያዩአቸው። የዲላ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ2006። ኮሌጁ የልጅነት ዘመኑን ሙሉ በዚያ በተዘበራረቀ የፎንት ዘመን ነው ያሳለፈው። ያኔ በየወረዳው በአማርኛ የተተየበ ቃለ ጉባኤ በፍሎፒ ዲስክ ቢተርፍ እንኳ፣ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ በስተቀር የትኛውም መፈለጊያ አያገኘውም።

ፊደሉን አለፍነው እንበል፤ ስም ይጠብቀናል። ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠራ። ለጸሐፊ ሁለት ሳጥን አለው፣ አንዱ ለቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስና የአባት ነው። ውጤቱ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ "ዘውዴ፣ ባ." ሆነው ይወጣሉ፤ መጽሐፉን አባታቸው የጻፉት ይመስል። ስለ ጌዴኦ የመሬት አያያዝ ከተጻፉት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ የታደሰ ኪጴ ካንሼ የ2002 የዶክትሬት ሥራ ነው፤ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን የቀረበ። ይህ ሰው በአንዱ ጽሑፍ "ካንሼ"፣ በሌላው "ኪጴ"፣ በሦስተኛው "ታደሰ" ተብሎ ይጠቀሳል። ጌዴኦ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ያንን የመሬት አያያዝ ቀድሞ ያጠናው ሰው በጥቅስ ቆጠራ ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፦ ዞቴሮ ውስጥ ከስሙ ጎን ያለችው ትንሽ ምልክት ስትጫን ሁለቱን ሳጥን አንድ ታደርጋለች፤ ሙሉ ስሙን እንዳለ ትጽፋላችሁ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ ሳትቀይሩ ካስገባችሁት ሶፍትዌሩ ጽሑፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ታሪክ ራሱ የቀየረው ስም ነው። በንጉሡ ዘመን የመንግሥት ሰነዶች ይህን አገር "ደራሳ" ይሉት ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም አልነበረም። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ቻርለስ ማክሌላን ከ1895 እስከ 1935 ያለውን የአካባቢውን ታሪክ በ1978 በዶክትሬት ጥናቱ ሲያቀርብ ርዕሱ ላይ "ደራሳ" አለ። በ1988 መጽሐፍ አድርጎ ሲያሳትመው ርዕሱ "ጌዴኦ" ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ዘመን፣ ያው ሕዝብ። "ጌዴኦ" ብሎ ብቻ የፈለገ ተማሪ መጽሐፉን አግኝቶ ጥናቱን ያጣል። አብዮቱ ሳይመጣ የተጻፈው መዝገብ ሁሉ ደግሞ በሌላኛው ስም ተቆልፎ ይቀራል።

ስለዚህ ዲላ ካምፓስ ውስጥ አንድ የምሳ ሰዓት ቢሰጠን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያለ ኮምፒውተር እናሳልፋቸው ነበር። ከገደብ የመጡትን ተማሪዎች ጠመኔ አስይዘን የቀበሌያቸውን ስም እነሱ እንደሚጠሩት፣ ቀጥሎ በሁሉም አጻጻፍ፣ ድሮ አውራጃው ከሚጠራበት ስም ጋር ሰሌዳው ላይ እናስጽፋቸዋለን። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ይከፈት።